የጂፕ ሸራ ጣሪያ ለመሸጥ፦ ቴሌግራም፣ ደላላ፣ ሶማሌ ተራ ወይስ የባጃጅ ሸራ ሰፊ?

ሁለት ክረምት ሙሉ የሰርቪስ ቤታችንን ግማሽ ይዞ የተኛ ዕቃ ነበረን። የአሮጌዋ ሱዙኪዬ ሸራ ጣሪያ። መኪናዋ ኤስጄ 410 ናት። አጭሯ፣ ባለ 970 ሲሲዋ፣ ባጃጅ በሚገባበት ቅያስ ሁሉ የምትገባው። ልጆች ማመላለስ ስጀምር ግን የባሕር ዳር ሐምሌ አሸነፈኝ። ውሃው በዚፑ በኩል ገብቶ ደብተራቸው ላይ ይንጠባጠባል። ጋራዥ ወሰድኳት፤ የላሜራ ጣሪያ አሠራሁላት። ሸራውን ከነብረቱ ፈትቼ ቤት አስገባሁት። «አንድ ቀን ይፈለጋል» አልኩ። ባለቤቴ «ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ እኔ ልውጣ» እስክትል ድረስ ማንም አልፈለገውም።

ከዚያ በኋላ ለመሸጥ ያልሞከርኩት መንገድ የለም ማለት ይቻላል። እዚህ የምጽፈው ያንን ነው። ምሳሌዬ ሱዙኪ ቢሆንም ላንድክሩዘር፣ ላንድሮቨር፣ ዋዝ ወይም ባለሸራ ቪታራ ላላችሁም ነገሩ ብዙ አይለይም።

ከስሙ እንጀምር። እኛ አገር «ሃርድቶፕ» ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ያንን ረጅሙን፣ የመስክ ሥራ ላይ የምናየውን ላንድክሩዘር ነው። «ሶፍት ቶፕ» የሚል ግን አይገኝም። ሸራ ነው የሚባለው። እኔ ይህን ረስቼ የመጀመሪያውን ማስታወቂያ «ሶፍት ቶፕ የሚሸጥ» ብዬ ለጠፍኩ። የደወለልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። በካርቶን ስንት እንደምሸጥ ጠየቀኝ። የመጸዳጃ ቤት ሶፍት መስሎት ነው። ስለዚህ «የሱዙኪ ሸራ ጣሪያ ከነብረቱ» ብላችሁ ጻፉ። «ከነብረቱ» የምትለዋን ቃል አትርሷት። ለምን እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ።

ዋጋው ያለው ብረቱ ላይ ነው

ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የባጃጅ ሸራ የሚሰፉ አንድ አዛውንት አሉ። ሸራዬን ተሸክሜ ሄድኩላቸው። ዘርግተው አዩት። በሁለት ጣታቸው ቆንጠጥ አደረጉት። ከዚያ ስለ ጨርቁ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ «ብረቱስ አለ?» አሉኝ። አለ አልኳቸው።

«እንግዲያው ልጄ፣ የምትሸጠው ብረቱን ነው። ጨርቁን እኔ እሰፋዋለሁ። ብረቱን ማን ይሰፋዋል?»

ያኔ ነው የገባኝ። ባሕር ዳር የባጃጅ ከተማ ናት። የባጃጅ ጣሪያ ደግሞ ሸራ ነው። ስለዚህ ወፍራም ሸራ የሚበሳ ማሽን፣ ጠንካራ ክር፣ ለመስኮት የሚሆን ግልጽ ፕላስቲክ፣ ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሚገጥም እጅ በየሰፈሩ አለ። ጨርቅ ቢቀደድ ይሰፋል። ቢያልቅ በልኩ ሌላ ይሠራል።

ብረቱ ሌላ ነገር ነው። ጣሪያውን ወጥረው የሚይዙት ቀስቶች አሉ። ከፊት መስታወቱ ክፈፍ ላይ የሚነክስ ብረት አለ። ከበሮቹ በላይ የሚሄዱት ሐዲዶች አሉ። ከኋላ ስፖንዳው ላይ ጨርቁን ወጥሮ የሚይዝ ዘንግ አለ። የ40 ዓመት መኪና ሲሆን እነዚህን መደብር ገብቶ መግዛት የሚባል ነገር የለም። በያጅ አስመስሎ ይሠራዋል፤ እውነት ነው። ግን የቀስቱ ከፍታ ሁለት ሳንቲሜትር ከተሳሳተ ወይ ጨርቁ ላልቶ በነፋስ ሲጨበጨብ ይውላል፣ ወይ ከልክ በላይ ተወጥሮ በስፌቱ በኩል ይተረተራል። ውሃ ደግሞ የላላ ጣሪያ ላይ ኩሬ ይሠራል።

ስለዚህ ደላላ ከመጥራታችሁ፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ዕቃውን ሁሉ ግቢ ውስጥ ዘርግታችሁ ቁጠሩ። የምትመርጡት መንገድ በዚህ ቆጠራ ላይ ነው የሚወሰነው። ብረቱ ሙሉ ሆኖ ጨርቁም ደህና ከሆነ ሙሉውን ለአንድ ሰው ለመሸጥ ታገሡ። ብረቱ ሙሉ ሆኖ ጨርቁ ካለቀ ያው ሙሉውን ሽጡ፤ ጨርቁን ግን እንደ ናሙና ቁጠሩት። አዲስ የሚሰፋው ሰው ልኩን ከእሱ ላይ ይወስዳልና ያለቀም ቢሆን ይጠቅማል። ብረቱ ከጎደለ ብቻ ነው ፈታትቶ መሸጥን የማስበው።

ጨርቁን እንዴት ትመረምሩታላችሁ?

ገዢው ከመመርመሩ በፊት እናንተ መርምሩት። የማታውቁትን ጉድ ገዢ ሲያገኝባችሁ ዋጋው በአንድ ጊዜ ነው የሚወርደው።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ናት። ፀሐዩ ሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ ጨረሩም ይበላል። የሚገርመው፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሞተው ጨርቁ ሳይሆን ክሩ ነው። ጨርቁ ደህና መስሎ ክሩ በጥፍር ሲነካ እንደ ደረቀ ሣር የሚበጠስ አለ። በጣሪያው አናት ላይ የሚሄደውን ስፌት ሞክሩት፤ ከጎኑ ይልቅ አናቱ ነው ፀሐይ የሚጠጣው። ክሩ ሞቶ ጨርቁ ደህና ከሆነ መጥፎ ዜና አይደለም። በድሮው ቀዳዳ ላይ መልሶ ማሰፋት ይቻላል።

ቀጥሎ ሸራውን ገመድ ላይ ስቀሉትና በውስጥ በኩል ሆናችሁ ወደ ፀሐይ አንጋጡ። ብርሃን የሚያሳልፉ ነጠብጣቦች ካያችሁ ውሃም በዚያው ይገባል። ጥቋቁር ነጥቦች ደግሞ ሻጋታ ናቸው። ርጥብ ሳለ የተጠቀለለ ሸራ ላይ ሁሉ ይወጣሉ። የእኔው ላይ ነበሩ። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ የነሐሴ ዝናብ እየዘነበ የጠቀለልኩት እኔው ነኝ።

የፕላስቲክ መስኮቶቹ ቢጫ ይሆናሉ፣ ይደበዝዛሉ፣ በመጨረሻ ይሰነጠቃሉ። በተለይ መስኮቱ መሐል ላይ ታጥፎ ከቆየ በማጠፊያው መስመር ይከፈላል። ዚፖቹን ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኪዷቸው። የሚያስቸግር ካለ ጥርሱ ላይ ሻማ እሹበት። የሻማ ሰም ብዙ ዚፕ አድኗል።

እጥበቱ ቀላል ነው። ለስላሳ ብሩሽ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና። በረኪና አይነካው፤ ክሩን ይበላል። ቤንዚንም አይነካው፤ መስኮቱን ያጠፋል። መስኮቱን በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉ፤ አቧራው ራሱ ይፍቀዋል። መጀመሪያ ውሃ አፍስሱበት። ከዚያ በደንብ ደርቆ፣ ሳይታጠፍ፣ በመስኮቶቹ መካከል አሮጌ አንሶላ ገብቶ ይጠቅለል።

ከመሸጥ በፊት ማደስ ያዋጣል ወይ? በእኔ አስተያየት አያዋጣም። አዲስ መስኮት አሰፍታችሁ ያወጣችሁትን ገዢው አይከፍላችሁም። ይልቅ ይጠራጠራል፦ «ምን ለመሸፈን ነው ያደሰው?» ጥቁር ሸራ ላይ የጫማ ቀለም ቀብቶ የሚያብለጨልጭ ሰው አይቻለሁ። ገዢው እጁን ሲያነሳ መዳፉ ጠቁሯል። ሽያጩ እዚያው ላይ አለቀ።

የማን መኪና ላይ ይገጥማል?

አንዱ ትልቅ ስሕተት «የጂፕ ሸራ» ብሎ መለጠፍ ነው። እኛ ዘንድ ጂፕ ማለት ሁሉም ነው። ሸራ ግን የሁሉም አይሆንም።

ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለውን ርቀት ብቻ ብታዩ እንኳን ልዩነቱ ይገባችኋል። የእኔ ሱዙኪ 2,030 ሚሊ ሜትር ናት። ባለሁለት በሯ የመጀመሪያዋ ቪታራ 2,200 ናት። እስከ 1984 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የተሠራው 40 የሚባለው ላንድክሩዘር አጭሩ 2,285፣ ትንሽ ረዘም ያለው ወንድሙ 2,430 ነው። ዋዝ 2,380 ነው። ላንድሮቨር ደግሞ ስሙ ራሱ ልኩ ነው፤ የድሮዎቹ 88 እና 109 የሚባሉት በኢንች ተለክተው ነው። አንዱ የሌላውን ሸራ መልበስ አይችልም።

ልኩ ቢቀራረብም አሠራሩ ይለያያል። የቪታራዋ ሸራ ከሾፌሩ በላይ ያለው ክፍል ብቻውን ወደኋላ ይታጠፋል። የሱዙኪዬ እንደዚያ አይደለም። ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ የመኪናውን ሞዴል፣ የተመረተበትን ዓመት፣ የበሩን ብዛት ጻፉ። በሜትር ደግሞ ከፊት መስታወቱ ክፈፍ እስከ ኋላ ስፖንዳው ያለውን ርዝመት ለኩና ጨምሩ። ዓመቱ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ሊብሬው ላይ አለ።

መንገዶቹ ሲነጻጸሩ

*ቴሌግራምና ፌስቡክ።* ለሙሉ ዕቃ የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ባሕር ዳር ውስጥ የእናንተን ዓይነት መኪና ይዞ፣ ሸራው አልቆበት፣ ገንዘብ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ቢኖር አንድ ወይ ሁለት ነው። ጎንደር፣ ደሴና አዲስ አበባ ሲጨመሩ ይበዛል። ኮሚሽንም የለውም።

ጣጣው ሌላ ነው። ከአሥር ጠያቂ ዘጠኙ «ላስት ስንት ነው?» ብሎ ይጠፋል። ፎቶውን ሳያይ ዋጋ የሚያወርድ አለ። «ነገ እመጣለሁ» ያለው ነገ ስልኩን አያነሳም። የኔትም ጣጣ አለ፤ ለወራት ኢንተርኔት የጠፋበትን ጊዜ እዚህ ከተማ አሳልፈናል። ያኔ ማስታወቂያ ማለት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነበር።

ፎቶ ላይ አትሰስቱ። ከሁሉ በፊት ብረቱን ብቻ ለብቻው ዘርግታችሁ አንሱ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ እንዲታይ። ከዚያ ጨርቁን ከውጭና ከውስጥ። ከዚያ ጉዳቱን፣ በቅርበት። የተቀደደውን ካሳያችሁ ያልተቀደደውን ያምኗችኋል። ሸራው መኪናው ላይ ሳለ የተነሣ የድሮ ፎቶ ካላችሁ ደግሞ ወርቅ ነው። እኔ አንድ ነበረኝ፤ የጥምቀት ዕለት ሐይቁ ዳር የተነሣሁት። ብዙ ሰው የደወለው ያንን አይቶ ነው።

ክፍያ ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ «ልኬልሃለሁ» ብሎ የሚያሳያችሁን የስልክ ፎቶ አትመኑ። የራሳችሁን ሂሳብ ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩ። ቴሌብርም ሆነ ባንክ፣ ገንዘቡ ሳይገባ ሸራው ከግቢ አይወጣም።

*ደላላ።* የባሕር ዳር ደላላ ቤት ይሸጣል፣ መኪና ይሸጣል፣ ባጃጅ ያሻሽጣል። የሸራ ጣሪያ ግን ለእሱ ትንሽ ነገር ነው። ኮሚሽኑም ስለማያጠግበው አይሮጥም። እኔ የያዝኩት ልጅ ጎበዝ ነበር፤ ቃሉን አክብሮ በሳምንቱ ገዢ ይዞ መጣ። ገዢው ከቪታራው ወርዶ ሸራዬን አየ። የእኔን ሱዙኪ አየ። ደላላውን አየ። «ጋሼ፣ ሁለቱም ሱዙኪ አይደሉ እንዴ?» አለኝ ልጁ። ሁለቱም ሱዙኪ ናቸው። ምን ልበለው?

ግን ደላላን ጨርሳችሁ አትተዉት። አሮጌ መኪና የሚያሻሽጥ ደላላ ዋናው ሀብቱ ወሬ ነው። ማን የትኛውን መኪና እንደያዘ፣ ማን ከአዲስ አበባ ምን ገዝቶ እንደመጣ ያውቃል። ስለዚህ «ሽጥልኝ» ከማለት «እንደኔ ያለ ሱዙኪ ያለው ሰው ጠቁመኝ» በሉትና ለጥቆማው ክፈሉት። ይህን ቀይሬ ስጠይቀው በሁለት ቀን ሦስት ስልክ ቁጥር ሰጠኝ። ከሦስቱ አንዱ ነው በመጨረሻ የገዛኝ።

*ጋራዥ ማስቀመጥ።* ሐሳቡ ጥሩ ነው። አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ጋራዥ ይመጣል። መካኒኩ ደግሞ የማን ሸራ እንደሚያፈስ ያውቃል። እኔ አንድ ጋራዥ ወስጄ አንድ ወር ተኩል አስቀምጬው ነበር። ስመለስ ጨርቁ ላይ ዘይት ፈሶበታል፤ ሁለት ማያያዣ ቀበቶዎች የሉም። «እዚህ ነበሩ» ተባልኩ። እዚህማ ነበሩ። ጋራዥ ከመረጣችሁ ብረቱን ቤት አስቀሩና ፎቶውንና ስልካችሁን ብቻ ግድግዳው ላይ አስለጥፉ። ያ ይበቃል።

*ሶማሌ ተራ።* አዲስ አበባ፣ መርካቶ። ያገለገለ የመኪና ዕቃ የሚባል ነገር ሁሉ እዚያ ይዞራል። ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ። ነጋዴው የሚገዛው አትርፎ ለመሸጥ ስለሆነ ዋጋው ከቀጥታ ገዢ ያንሳል፤ በዚህ አትቀየሙት። ጥቅሙ ፍጥነቱ ነው። ዕቃውን ካወቀው በስልክ ፎቶ አይቶ ዋጋ ይነግራችኋል።

ለእኔ ሱዙኪ አላዋጣኝም። የጭነቱን ብር ስቀንስ የሚተርፈው እዚህ ከምሸጥበት ያንሳል። የ40 ላንድክሩዘር ወይም የድሮ ላንድሮቨር ሙሉ ሸራ ከነብረቱ ካላችሁ ግን ሳትደውሉ እዚህ አትሽጡ። እነዚያን መኪኖች እንደ ቅርስ አሳምሮ የሚይዝ ሰው ባሕር ዳር ከምታገኙ አዲስ አበባ የማግኘት ዕድላችሁ ይሰፋል፤ እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ ኦርጅናል ብረት ሲያይ ዋጋ ላይ ብዙ አይከራከርም። የመንገዱን ሁኔታ ጠይቃችሁ ላኩ። መንገድ ሲዘጋ ዕቃ መነኸሪያ ያድራል። ቀስቶቹን በጆንያ ጠቅልላችሁ እሰሯቸው። ሸራውን ለብቻው፣ ተጠቅልሎ። አውቶቡስ ላይ ከተጫነ ሌላ ዕቃ እንዳይጫነው ረዳቱን አደራ በሉት። አደራውን በሻይ ብታጠናክሩት አይከፋም።

*ፈታትቶ መሸጥ።* ብረቱ ከጎደለ ወይም ስድስት ወር ጠብቃችሁ ሙሉውን የሚወስድ ከጠፋ ወደዚህ ትመጣላችሁ። የባጃጅ ሸራ ሰፊዎች ደህና የሆነውን የጨርቁን ክፍል ይገዛሉ፤ ለባጃጅ ጎንና ለመጋረጃ ይሆናቸዋል። ያልደበዘዘ መስኮትም ይወስዳሉ። ጥሩ የብረት ዚፕ ካለም ይፈቱታል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ግን በዚያው ቀን በእጅ ነው።

ሁለተኛው ገዢ ሐይቁ ዳር አለ። ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ ሰው የሚያመላልሱት የሞተር ጀልባዎች ጥላ ያስፈልጋቸዋል። የጀልባ ጥላ ልክ እንደ መኪና ጣሪያ ጥብቅ አይደለም፤ ተቆርጦ ይስተካከላል። ውሃ የማያስገባ ሰፊ ጨርቅ መሆኑ ይበቃቸዋል። የጣሪያውን ትልቁን ክፍል ከባጃጅ ሰፊ የተሻለ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። ቅዳሜና እሑድ ግን አትሂዱባቸው። ሥራ ላይ ናቸው፤ የሚያናግራችሁ የለም። ሰኞ ጠዋት ጀልባ ሲያጥቡ ሂዱ።

አንድ የፎገራ ገበሬ ደግሞ ሩዝ ማስጫ እንዲሆነው ጠይቆኝ ነበር። ለሱ አልሸጥኩም። ይህ ሸራ ፕላስቲክ የተቀባ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ይሸታል። በዚያ ላይ ዓመታት የመኪና ጭስ ጠጥቷል። እህልና ቡና እንዲህ ያለ ነገር ላይ አይሰጣም።

*ቆራሌው።* በሬ ላይ ሦስት ጊዜ መጥቷል። ብረቱን በኪሎ ይገዛል። ሌላ የምለው የለኝም፤ ማንም መልሶ የማይሠራውን ቀስት በኪሎ መስጠት ሆድ ያባባል።

ዋጋ መተመን

ያገለገለ ሸራ የተወሰነ የገበያ ዋጋ የለውም። እኔ የተጠቀምኩበትን መንገድ ልንገራችሁ። ሸራ ሰፊ ጋ ሂዱና «ለዚህች መኪና አዲስ ጨርቅ ከነመስኮቱ ስንት ትሰፋልኝ?» ብላችሁ ጠይቁ። በያጅ ጋ ሂዱና «ይህን የመሰለ ብረት ስንት ትሠራልኛለህ?» በሉት። ሁለቱን ቁጥር ጻፉ። ገዢያችሁም ያለው አማራጭ ያ ነው።

ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ሰፊው 20 ሺህ፣ በያጁ 15 ሺህ አሏችሁ እንበል። ብረታችሁ ሙሉና ያልተጣመመ ከሆነ ከ15 ሺሁ አትውረዱ። በያጁ የሚሠራው ግምት ነው፤ የእናንተው ግን ልኩ የታወቀ ነው። ጨርቁ ገና ሁለት ሦስት ክረምት የሚችል ከሆነ ከ20 ሺሁ ሩቡን ጠይቁ። ካለቀ ምንም አትጠይቁ፤ በምርቃት ስጡት። ሰው በምርቃት የተሰጠው ነገር ላይ ነቀፋ አያወጣም። ጨርቁን ዋጋ አውጥታችሁበት ቢሆን ግን እያንዳንዷን ቀዳዳ ቆጥሮ ከብረቱ ላይ ይቀንስባችሁ ነበር።

ጊዜውም ዋጋ ነው። ግንቦት ላይ፣ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጣል ጣል ሲሉ፣ ሸራው የሚያፈስበት ሰው ሁሉ ይነቃል። ከገና እስከ ጥምቀት ደግሞ ጣሪያ ከፍቶ ከተማ መዞር የሚያምረው አለ። ሐምሌና ነሐሴ አትድከሙ። ዘርግቶ ማሳየት እንኳን አይቻልም።

ርክክቡ

ሸራ ጣሪያ ሊብሬ የለውም። ስለዚህ ጠንቃቃ ገዢ «ከየት አመጣኸው?» ቢላችሁ አትቆጡ። ልክ ነው። መኪናውን አሳዩት። ከዚያ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ምን እንደተሸጠ በዝርዝር ጽፋችሁ፣ ሁለት ምስክር ባለበት ፈርሙ። «ሸራ አንድ» ብላችሁ አትጻፉ። ቀስት ስንት፣ ሐዲድ ስንት፣ ዘንግ ስንት፣ ቀበቶ ስንት።

የእኔ ገዢ ከደብረ ታቦር ነው የመጣው። ከደላላው ሦስት ስልኮች ሁለተኛው። በእርጋታ የሚናገር መምህር ነው፤ የእሱ ኤስጄ ጣሪያ የለውም፤ በላስቲክ ሸፍኖ ነው የሚነዳው። ብረቱን አንድ በአንድ አነሣ፣ አየ፣ አስቀመጠ። ጨርቁን ሳያይ ዋጋውን ከፈለ። እነዚያ አዛውንት ትዝ አሉኝ።

በማግስቱ ማለዳ ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ ሸራው አጠረ። የኋላው ቁልፍ አይደርስም።» ደነገጥኩ። ከዚያ ሰዓቱን አየሁ፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ደብረ ታቦር ደግሞ ብርድ ነው። እንዲህ ያለ ሸራ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ተፈቶ ከቆየማ ይብሳል። «አውልቀህ ፀሐይ ላይ ዘርጋው፤ ስድስት ሰዓት ላይ መልሰህ ሞክረው» አልኩት። መጀመሪያ ከፊት መስታወቱ ክፈፍ ጀምሮ፣ ከዚያ ጎኖቹን፣ የኋላውን በመጨረሻ። ይህን ለገዢያችሁ ቀድማችሁ ንገሩት፤ እኔ ረስቼው ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ እንደገና ደወለ። ገጥሟል። ግን አራት ቡሎን ጎድሏል አለኝ። ሰርቪስ ቤት ገባሁ። ሁለት ክረምት ሸራው ተኝቶበት በነበረው ባዶ ቦታ ላይ፣ በፌስታል ታስረው ቁጭ ብለዋል። መነኸሪያ ወስጄ ለደብረ ታቦር ሚኒባስ ሾፌር ሰጠሁት። የሾፌሩን ሻይ የከፈልኩት እኔ ነኝ።